በስልክ የማይነገረው ጉዳይ

ይህን የማወጋችሁን ነገር ሁሉ ያመጣብኝ ሶፋ ነው። ሥራዬ በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው መኪናውን ከምን ጋር እንዳላተመ ሳነብ እውላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ስነካካ እውል ነበር። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አላገባሁም፤ የማገባም አልመስልም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝና፣ «ሶፋውን እንደሆነ አግብተኸዋል። ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ አሳርፈው» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ነገሩ አንገሸገሻትና እጄን ይዛ ወ/ሮ ጽጌ ዘንድ ወሰደችኝ። እጄን ይዛ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ መንገድ ስንሻገር እንኳ አልለቀቀችኝም። ወ/ሮ ጽጌ የጽዋ ማኅበርተኛዋ ናቸው። ለረጅም ዘመን ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ነጻ ምክር የሚሰጥ አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁመዋል። ቢሮው ፒያሳ ውስጥ ካሉት ያረጁ ፎቆች በአንዱ ላይ ሁለት ክፍል ነው። ደረጃው እንጨት ስለሆነ ባለጉዳይ መምጣቱ ገና ከታች ይሰማል። ወንበሮቹ ከየሰዉ ቤት የመጡ ናቸውና አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሰው በኪራይ፣ በጡረታ፣ በውርስ፣ በጎረቤት ጠብ ግራ ሲገባው እዚያ ይመጣና ሻይ ጠጥቶ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ሰምቶ፣ የሚጻፍ ካለ ተጽፎለት ይሄዳል።

ሥልጠናዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው። ወ/ሮ ጽጌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ስማ፤ አትፍረድ፤ አታቋርጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የባለጉዳይ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ስሙም፣ መምጣቱም፣ የመጣበትም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሕግ ሲሰጠኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። የመጨረሻዋን ትእዛዝ ከልቤ ያዝኳት። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ደረጃው ሥር ቆሞ፣ «ወንድም፣ ሚስቴ ጨርሳለች?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ሚስትዎ እዚህ ስለመኖራቸው ማረጋገጥም ማስተባበልም አልችልም» አልኩት። ሚስትየዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

እማማ ብርቄ የመጡት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነጠላቸው ላይ የበርበሬ ሽታ ያለ አሮጊት ናቸው። ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ሳይፈርሱ ከቀሩት የዶሮ ማነቂያ ሠፈር ግቢዎች በአንዱ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለሠፈሩ ሰው ይሸጣሉ። ባለቤቱ አቶ ታደሰ አንድ ጠዋት አንገታቸውን ደፍተው፣ «ብርቄ፣ ክፍሉ ለራሳችን ተፈልጓል። ወር ሳይሞላ ብትለቂልን» ብለዋቸዋል። ምክንያቱን ቢጠይቁ አቶ ታደሰ መልስ ሳይሰጡ ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ጎረቤቶቼ ሁሉ ከተማ ዳር ሄደዋል» አሉኝ እማማ ብርቄ። «እዚያ ብሄድ በርበሬዬን ማን ይገዛኛል? እኔንስ ማን ያውቀኛል?»

የቤት ኪራይ ሕጉን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሕጉ ከእርሳቸው ጋር ነው። በደንብ ከእርሳቸው ጋር ነው። ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ እማማ ብርቄ እንደ ሞኝ ያዩኛል።

«ታደሰን ልክሰስ? ሴት ልጁን እኮ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። እናቷ ሥራ ስትውል እኔ ነበርኩ የማበላት። ከሰስኳቸው ማለት እኮ ክፍሉ ቢተርፈኝም ግቢው አይተርፈኝም። ሽማግሌ ላኩልኝ።»

ማኅበራችን ለዚህም መላ አለው። ባለጉዳይ ክስ የማይፈልግ ከሆነ ዕድሜ የጠገቡ በጎ ፈቃደኞች ቤት ድረስ ሄደው ይለምናሉ። ለዚህ ሥራ የታወቁት ሁለቱ ናቸው። ጋሽ መኩሪያ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ንግግር ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ የቆመ የሚመስላቸው ሰው ናቸው። ሐጂ ነስሩ ደግሞ ፒያሳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ይዘው የኖሩ፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ከለቀቁ በኋላ የሰውን ጠብ እንደ ጨርቅ ሲዘረጉና ሲያጥፉ የሚውሉ ጉራጌ ናቸው። ስልክ ደውሎ ቀጠሮ የመያዙ ሥራ የኔ ሆነ፤ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ቢሮው ገብቼ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሱት የአቶ ታደሰ ባለቤት ወ/ሮ አልማዝ ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሄኖክ እባላለሁ። ፈቃዳችሁ ቢሆን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ይዤ ልመጣ ነበር።»

ከጀርባቸው ድስት ሲንተከተክ ይሰማኛል።

«ሽማግሌ?»

«አዎ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከኔ ጋር ሦስት እንሆናለን።»

«ለ... ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ማንኛውም ጤነኛ ሰው «ከምክር ማኅበሩ ነው፤ ስለ ሰርቪስ ክፍሏ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን ምስጢር ጠባቂ ነኝ። እማማ ብርቄ እኛ ጋ መምጣታቸውን በስልክ ልናገር?

«ጉዳዩ በስልክ የሚነገር አይደለም» አልኩ ረጋ ብዬ። «ስንመጣ በአካል ብንነጋገር ይሻላል።»

«ልክ ነህ!» አሉ ወ/ሮ አልማዝ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ልክ ነህ የኔ ልጅ፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የማን ልጅ ነህ ለመሆኑ?»

ነገርኳቸው። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እናቴ በሕይወት መኖሯን፣ የትኛው ደብር እንደምትሳለም፣ እኔ ትዳር መያዝ አለመያዜን ጠየቁኝ። አንዱንም አልጠረጠርኩም። በእኛ ሠፈር ስልክ የደወለ ሰው ዘሩን ሳይቆጥር አይዘጋም። «እግዚአብሔር በሰላም ያምጣችሁ» ብለው ሲዘጉ፣ መዝገቡ ላይ «የቤቱ ባለቤቶች እጅግ ተባባሪ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ ሙሉ ልብስ ለበስኩ። እናቴ ከራባቴን ስታስተካክል «የት ነው?» አለችኝ።

«ሽማግሌ ይዤ እየሄድኩ ነው። ከዚያ በላይ አልናገርም፤ ምስጢር ነው።»

እናቴ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። «ተመስገን» ስትል ሰምቻታለሁ። ለምን ተመስገን እንዳለች ግን አልጠየቅኳትም፤ ረፍዶብኝ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ጥቁር ሱፍ ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው መጡ። ሐጂ ነስሩ በነጭ ጀለቢያ፣ በነጭ ኮፍያ። ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርጌ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስንወርድ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያሉ ጮሁብን። የአራዳ ልጅ መቼም ሰው አያሳልፍ ብዬ ሳቅኩ።

ግቢው ስንደርስ መሬቱ ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል። የዶሮ ወጥ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለን። ጋሽ መኩሪያ ቆም ብለው ወደ ጆሮዬ አዘነበሉ።

«ጨዋ ሰዎች ናቸው እባክህ! ለኪራይ ጉዳይ ዶሮ ሠሩ?»

በግቢው ጥግ ካለችው ሰርቪስ ክፍል መጋረጃ ጀርባ የእማማ ብርቄ ዓይን ይታያል። እኔ ግን እንደማላውቃቸው ሆኜ አለፍኩ።

ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። አቶ ታደሰ አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከጎናቸው አጎታቸው፣ የድሮ አፈ ንጉሥ የሚመስሉ ትልቅ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለት ሴቶች ከጓዳው በር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ወ/ሮ አልማዝ ሐጂን ሲያዩ ትንሽ ደንገጥ አሉና ወደ ጓዳ ሮጡ። «የጾም የጾሙን ቶሎ አቅርቡ!» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ታደሰ።

ጋሽ መኩሪያ ግን በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ይህችን ደቂቃ ይወዷታል። «ጥያቄያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ።

የቤቱ ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ ፈገግ አለ። አጎትየው «እሰይ፤ ደንብ አዋቂ ናቸው» ሲሉ ሰማኋቸው። አቶ ታደሰ ተነሥተው የጋሽ መኩሪያን ክንድ ያዙ።

«ጥያቄያችሁን ሳትናገሩም እናውቀዋለን።»

ጋሽ መኩሪያ ደስ አላቸው። «ካወቃችሁትማ የኛ ሥራ ግማሹ አለቀ!»

«እንግዲህ በኛ በኩል» አሉ አቶ ታደሰ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ደስታችን ነው። ግን ዘመኑ እንደምታውቁት ነው፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ እኛ ብቻችንን አንወስንም።»

ጋሽ መኩሪያ ግራ ተጋብተው ወደ ኔ ዞሩ። እማማ ብርቄን ማንም «ልጅቷ» ሊላቸው አይችልም። የዚያን ጊዜ አጎትየው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ጨረሱኝ።

«እሱስ ይሁን። ልጁ ማነው? ከማን ወገን ነው? ለመሆኑ ሥራ አለው?»

እናንተዬ፣ ላብ ከአናት ተነሥቶ እግር ድረስ ሲወርድ ታውቃላችሁ? የስልኩ ወሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮዬ ተደገመልኝ። ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ጉዳዩ በስልክ አይነገርም። የማን ልጅ ነህ? ትዳር ይዘሃል? ለእነዚህ ሰዎች ሴት ልጅ ሽማግሌ ልኬባቸዋለሁ።

ሐጂ ነስሩ ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ «አንዴ ወጣ ብለን እንመካከርና እንመለስ» አሉ። ሽማግሌ ወጥቶ መምከሩ ደንብ ነውና ማንም አልተቃወመም። ግቢው ውስጥ የውኃ ታንከሩ ሥር ቆምን።

«ምንድነው የሆነው?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ልጃቸውን ልንጠይቅ የመጣን መስሏቸዋል።»

ጋሽ መኩሪያ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ታዲያ ገብተን ‹አይደለም› እንበላቸዋ!»

«በል እንግዲህ አንተ ግባና በል» አሉ ሐጂ። «ዘመድ ተጠርቶ፣ ዶሮ ታርዶ፣ ልጅቷ ለብሳ ተቀምጣ፣ ‹ይቅርታ፣ ለልጃችሁ አይደለም የመጣነው› በላቸው። ከዚያ ደግሞ ክፍሏን ለምንልኝ። ወላሂ ብርቄን ዛሬውኑ ከነበርበሬዋ ነው የሚያስወጧት።»

እውነታቸውን ነው። ይህን ቤት በዘመድ ፊት አዋርዶ፣ ውሎ ሳያድር ውለታ መጠየቅ አይቻልም። ካላልን ደግሞ ለማን ነው የምንጠይቀው? ለሌለ ሙሽራ? እኔ በሰው ሕይወት ላይ ያደረስኩት ትልቁ ጉዳት እስከዚያ ቀን ድረስ የካሳ ክፍያ ማዘግየት ነበር። አሁን ግን የአንዲት አሮጊት መኖሪያ በእጄ ተሰብሮ ሊወድቅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሩ ክፍት ነበርና መሮጥ አምሮኝ ነበር።

በዚህ መሐል የጓዳው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ወጣች። ከላይ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከታች ስኒከር። ቀሚሱን በግድ እንዳለበሷት ከአረማመዷ ያስታውቃል። የአቶ ታደሰ ልጅ ሜሮን ናት፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እንደምትሠራ በኋላ ነው ያወቅሁት። ቀጥ ብላ መጥታ ፊታችን ቆመች።

«ከእናንተ ውስጥ የደወለው የትኛው ነው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ኔ ጠቆሙ።

«ስምህን እናቴ ነግራኛለች፤ አላውቅህም። ማነው የላከህ?» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት ምን ማለት ነበረብኝ? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ። «የባለጉዳይን ስም ለሦስተኛ ወገን መግለጽ አይፈቀድልኝም» አልኳት።

«ሦስተኛ ወገን?» ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ ለራሴ ጋብቻ ሦስተኛ ወገን ነኝ?»

«እሱን ማለቴ አይደለም...»

«አንተ ግን የጤናህ ነው? ከሐሙስ ጀምሮ እናቴ እንቅልፍ የላትም። አክስቶቼን ሁሉ ጠርታለች። ‹ማንን ነው ደብቀሽን የኖርሽው› እያለች ትስቅብኛለች፣ ታለቅስብኛለች። እኔ ደግሞ ማን እንደላከ አላውቅም! የማውቃቸውን ወንዶች ሁሉ በየተራ ደውዬ ሰድቤያለሁ። ከመሐላቸው ባለትዳር አለ!»

የሰርቪሷ መጋረጃ ተገለጠ። እማማ ብርቄ ከዚያ በላይ መቻል አልቻሉም።

«ተይው ልጄ፤ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

ሜሮን ዞረች። «አንቺ? ለኔ ባል?»

«ለኔ ክፍል ነው እንጂ። አባትሽ ልቀቂ ብሎኛል። ለምኑልኝ ብዬ ነው። ለሰርግ ልኬያቸው አይደለም።»

ሜሮን በመጀመሪያ ሳቀች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ ታንከሩን ተደግፋ፣ ሳቅ እያሸነፋት ቁጢጥ አለች። ቀስ እያለ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ቆይ፤ ልቀቂ አሉሽ? መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን ከአባትሽ ላጣላ?» አሉ እማማ ብርቄ።

ሜሮን ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ወደ ሳሎኑ መንገድ ያዘች። ጋሽ መኩሪያ «ልጄ፣ ቆይ፣ በደንቡ...» ሲሉ እሷ በሩ ላይ ደርሳለች። ተከትለናት ገባን። ምርጫም አልነበረን።

«አባዬ» አለች መሐል ሳሎን ቆማ፤ «እነዚህ ሰዎች የመጡት ለኔ አይደለም። ለእማማ ብርቄ ነው።»

ከጓዳው በር ያሰገጉት አንገቶች እዚያው ደረቁ። ቀድመው የተናገሩት አጎትየው ናቸው።

«ለብርቄ?» አሉ፣ በጣም ተገርመው። «በዚህ ዕድሜዋ? ሰውየው ማነው?»

«ምነው?» አሉ እማማ ብርቄ ከኋላችን፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ምን ጎደለኝ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ታደሰ ወንበራቸው ላይ ተጣጠፉ። የሐጂ ነስሩ መቁጠሪያ በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ መኩሪያ እንኳ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ተማሪ ፊት ሳይስቁ የኖሩት፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እኔም ለመሳቅ ቀና ስል ወ/ሮ አልማዝን አየኋቸው።

እሳቸው አልሳቁም። የጓዳው በር አጠገብ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከንፈራቸው ላይ ይዘው፣ መሬት መሬት ያያሉ። እንባቸው ይወርዳል። በዚያች ሰከንድ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። እኒህ ሴት ሦስት ቀን ሙሉ በደስታ ሲንጎዳጎዱ የከረሙት በኔ ምክንያት ነው።

ሄጄ አጠገባቸው በርከክ አልኩ። ይቅርታ ልል ነበር። እሳቸው ቀድመው ተናገሩ፤ ለኔ ሳይሆን ለልጃቸው።

«ክፍሉን የፈለግሁት ላንቺ ነው። ታደሰን ምን ታደርጊዋለሽ፤ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። ብቻዬን ቤት ልከራይ ነው አልሽ። ከዚህ ግቢ ከምትወጪብኝ ብርቄ ትውጣ አልኩ። አሳምሬ ቀለም ቀብቼ፣ በሩን ለብቻሽ አድርጌ...»

አቶ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ጠዋት ለእማማ ብርቄ እንደደፉት መሆን አለበት። ሜሮን እናቷ ላይ ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። ከእማማ ብርቄ እናቷን፣ ከእናቷ እማማ ብርቄን እያየች ቆመች።

ሐጂ ነስሩ ውኃ ጠየቁ። ሲመጣላቸው ቀስ ብለው ጠጡት። በኋላ ሲነግሩኝ ውኃ አልጠማቸውም ነበር፤ ሰው እስኪተነፍስ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «እኛ ለካ አንድ ሴት ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ ልንለምን መጥተን፣ የሚለመንላቸው ሁለት ኖረዋል» አሉ። «በይ አንቺ ልጅ፣ ቤት ልከራይ ያልሽው ምን ጎድሎሽ ነው? እዚሁ እናትሽ ፊት ተናገሪው።»

ሜሮን እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማ፣ እኔ የጎደለኝ ክፍል አይደለም። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ‹የእከሊት ልጅ አገባች› ትይኛለሽ። ቁርስ ላይ ‹ዕድሜሽ› ትይኛለሽ። በዓል ሲመጣ የዘመድ ጥያቄ አለ። ከዚያ ወሬ ነው የምሸሸው። ያ ወሬ ቢቆም ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ የለም። እማማን አስወጥታችሁ በሷ ክፍል ብታስገቡኝ ግን ዛሬ ማታ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ሰማሽ አልማዝ?» አሉ ሐጂ።

«ሰማሁ።»

«ወሬው ይቆማል?»

ወ/ሮ አልማዝ ብዙ አሰቡ። ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ከፊታቸው ይነበባል። «ይቆማል» አሉ በመጨረሻ።

ጋሽ መኩሪያ እስከዚያ ድረስ ሥራ ፈተው ነበርና ዕድሉን አላሳለፉትም። «ዋስ ጥሪ!» ብለው ጮሁ። ወ/ሮ አልማዝ አጎትየውን ዋስ ጠሩ። አጎትየው ከዘራቸውን አንሥተው «ዋስ ነኝ» አሉ። ከዚያ አቶ ታደሰ ተነሡ። እማማ ብርቄ አሁንም በሩ ላይ እንደቆሙ ነበር፤ ሄደው እጃቸውን ያዙ።

«እኔ መቼ ልቤ ፈቀደ ብርቄ» አሉ። «ፊትሽን ማየት አቅቶኝ ነው ሳልነግርሽ የገባሁት። ክፍሉ ያንቺ ነው። ይቅር በይኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አሉ እማማ ብርቄ። ለሙሽራው ሽማግሌዎች ተብሎ በተዘጋጀው ወንበር ላይ አቶ ታደሰ ራሳቸው አስቀመጧቸው።

ዶሮው መቼም ተሠርቷል። ሐጂም የጾም የጾሙን ተስተናገዱ። ወ/ሮ አልማዝ ፊታቸውን ታጥበው ተመልሰው፣ ለኔ ሲያቀርቡ ሁለት እንቁላል አደረጉልኝ። ጎንበስ ብለው፣ «አንተ ግን... አላገባሁም ብለኸኛል አይደል?» አሉ።

«እማ!» አለች ሜሮን።

«ስላንቺ ምን ወጣኝ? እሱን ነው የጠየቅሁት!»

አጎትየው ዋስነታቸውን አስታውሰው ሊነሡ ሲሉ አቶ ታደሰ አስቀመጧቸው። ሜሮን ደግሞ ወደ ኔ ዞራ፣ «ለሦስተኛ ወገን እንዳትመልስ» አለችኝ። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ ሰው ይህን ሰምቶ «ምን ተማርክበት?» ይለኛል። ከዚያ እሑድ በፊት ሰውን የምረዳው ራሴን ከነገሩ አርቄ ነው ብዬ አምን ነበር። ካሳ ክፍል የሚሠራ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የተላተመው መኪና የኔ አይደለም። ያን ቀን ግን የሰዎቹ ሳቅም እንባም በኔ ስልክ የመጣ ነበርና የምርቅበት ቦታ አጣሁ። የባለጉዳይን ምስጢር ዛሬም እጠብቃለሁ። ግን ምስጢር እየጠበቅሁ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ከሰው ተደብቄ እንደኖርኩ የገባኝ እዚያ በርጩማ አጠገብ በርከክ ስል ነው። እናንተም ወደ ሰው ቤት ልትሄዱ ስትደውሉ፣ እባካችሁ፣ የምትሄዱበትን ጉዳይ ቢያንስ ግማሹን ተናገሩ። ወ/ሮ ጽጌ ታሪኩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ሲያሹ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የሚይዙት ራሳቸው ናቸው።

በማኅበራችን ደንብ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ስምምነቱ መከበሩን ለማየት አንድ ጊዜ ክትትል ይደረጋል። እኔ በተከታዩ እሑድ ለክትትል ሄድኩ። እማማ ብርቄ ደኅና ናቸው። በሚቀጥለው እሑድም ሄድኩ። አሁንም ደኅና ናቸው። ሜሮን በር ስትከፍትልኝ፣ «ዛሬስ ምን ሊጣራ ነው?» ትለኛለች። ብዙ እሑድ ተጣራ። ዓመት አልፎ ጋሽ መኩሪያና ሐጂ ነስሩ እንደገና ያንን በር ሲያንኳኩ፣ ጉዳዩን አስቀድሜ በስልክ፣ በዝርዝር፣ ከነስሜ ተናግሬ ነበር።

ዛሬ ሜሮን ባለቤቴ ናት። አማቴ ወ/ሮ አልማዝ ግን ታሪኩን በራሳቸው መንገድ ነው የሚያወሩት። በእሳቸው አባባል እኔ የመጀመሪያውም እሑድ የመጣሁት ለልጃቸው ነበር፤ አጎትየውን ሳይ ፈርቼ ነው «ለክፍሉ ነው» ያልኩት። መዝገብ አለ፣ ምስክር አለ ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ። ባለፈው በዓል እንደገና ሲጀምሩ ጊዜ ሰለቸኝና፣ «እንግዲያው ባለጉዳይዋ እዚሁ አሉ፤ ይጠየቁ» አልኩ። እማማ ብርቄ ከግቢው ጥግ ከክፍላቸው መጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር።

«እስቲ ንገሪው ብርቄ» አሉ አማቴ። «ለማን ነበር የመጣው?»

እማማ ብርቄ ጉርሻቸውን ውጠው፣ አየት አደረጉኝ።

«ለኔማ ቢሆን» አሉ፣ «አንድ እሑድ ይበቃ ነበር።»